እምነቴ የኔ ነው ወይስ የእናቴ?

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። ዓምድዎን ብዙ ጊዜ አነባለሁ። ዛሬ የራሴን ጉዳይ ይዤ መጣሁ።

የሠላሳ አራት ዓመት ሴት ነኝ፤ ባለትዳርና የአንዲት ልጅ እናት። ያደግኩት አጥባቂ ክርስቲያን ቤት ውስጥ ነው። ማታ ሳይጸለይ መብራት አይጠፋም። እሑድ ቤት መቅረት የሚባል ነገር አይታወቅም፤ አሞኝም ቢሆን እሄድ ነበር። አባቴ ዝምተኛ ሰው ነበር፣ ካረፈ ቆይቷል። እምነቱን ያስያዘችኝ እናቴ ናት። ክፉ እናት አልነበረችም። ግን ሳጠፋ ሁልጊዜ የምትለኝ አንድ ነገር ነበራት፦ «እኔ ባላይሽም እሱ ያይሻል።»

አግብቼ ከቤት ከወጣሁ በኋላ ቀስ በቀስ ቀዘቀዝኩ። ከማንም ተጣልቼ አይደለም። አንድ እሑድ ቀረሁ፣ ከዚያ ሌላ እሑድ፣ በቃ መቅረቱ ልማድ ሆነ። አሁን ዓመት አልፎኛል። እናቴ እሑድ ከሰዓት ትደውላለች። «ቤተ ክርስቲያን ሄድሽ?» ትለኛለች። «አዎ እማ» እላታለሁ። አንዳንዴ «ስብከቱ ስለ ምን ነበር?» ትለኛለች። እንደምትጠይቀኝ ስለማውቅ ቀደም ብዬ ስልኬ ላይ አንድ ስብከት እሰማና እሱን እነግራታለሁ። ስልኩን ስዘጋ ራሴን እጠላዋለሁ።

በቅርቡ አንድ እሑድ ልጄን ትኩሳት ያዛት። ግንባሯ ይፋጃል። መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ መድኃኒት አልነበረም። «ዛሬም ስለቀረሁ ነው» የሚል ነበር። የተማርኩ ሰው ነኝ፣ ትኩሳት ከምን እንደሚመጣ አውቃለሁ። ግን ሌሊቱን ሙሉ «ማረኝ፣ ሁለተኛ አልቀርም» ስል አደርኩ። ጠዋት ልጄ ተሽሏት ስትጫወት ሳያት አፈርኩ። በቀጣዩ እሑድ ደግሞ ቀረሁ።

ሌላም አለ። መሥሪያ ቤት ያልተሠራ ሥራ እንደተሠራ አድርጌ እንድፈርም ተጠይቄ እምቢ አልኩ። ባልደረቦቼ «አንቺ ደሞ ጻድቅ ሆንሽብን» ብለው ሳቁብኝ። ሳስበው ይሄም ከእናቴ ቤት ያመጣሁት ነው። ታዲያ የቱን ልያዝ የቱን ልተው? የማምነው ስለማምን ነው ወይስ እንዲያ ስላሳደጉኝ? ሌላ ሃይማኖት ካለው ቤት ብወለድ ያንን አልይዝም ነበር?

በቀደም አምስት ዓመት የሞላት ልጄ «አያቴ ዓይኗን ጨፍና ከማን ጋር ነው የምታወራው?» አለችኝ። «ሂጂ እጅሽን ታጠቢ» አልኳት። እናቴ ደግሞ «እሑድ እሑድ ልጅቷን ልውሰዳት» እያለች ነው። ባሌን ስጠይቀው «እንደፈለግሽ» ይላል። ምን ትመክሩኛላችሁ?

ግራ የገባኝ እናት ነኝ

መልስ

እህቴ፣ እንኳን ጻፍሽልን። ከጥያቄዎችሽ ሁሉ «እንዲያ ስላሳደጉኝ ነው ወይ?» የሚለው በጣም ያስጨነቀሽ ይመስላል። እኔ ግን እሱ ይህን ያህል የሚያስፈራ አልመሰለኝም።

አዎ፣ እንዲያ ስላሳደጉሽ ነው። እሱን እንመንና እንለፈው። ሌላ ቤት ብትወለጂ ሌላ ነገር ይዘሽ ታድጊ ነበር። ጭራሽ እምነት ከሌለበት ቤት ብትወለጂ ደግሞ አለማመንን ይዘሽ ታድጊና ዛሬ «የማላምነው እንዲያ ስላሳደጉኝ ይሆን?» ብለሽ ትጽፊልኝ ነበር። ነገሩን ከየት እንዳመጣሽው ማወቅ እውነት መሆን አለመሆኑን አይነግርሽም። እስካሁን የተጨነቅሽው ከየት መጣ በሚለው ነው። እውነት ነው ወይ፣ ልኖርበትስ እፈልጋለሁ ወይ የሚለውን ግን ገና የጠየቅሽው አልመሰለኝም።

በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 4 ያለችውን ሳምራዊት ሴት ታውቂያታለሽ። የከተማዋ ሰዎች መጀመሪያ ያመኑት እሷ ስለነገረቻቸው ነው። ኋላ ግን ራሳቸው ሰሙና «አሁን የምናምነው ስለ ቃልሽ አይደለም፣ እኛ ራሳችን ሰምተነዋል» አሏት። ደስ የሚለኝ፣ የመጀመሪያው እምነታቸው የውሸት ነበር ያለ ሰው አለመኖሩ ነው። እሷን ባያምኑ ኖሮ ራሳቸው ሊሰሙም ባልወጡ። ጳውሎስም ለጢሞቴዎስ ሲጽፍ እምነቱ ቀድሞ በአያቱ በሎይድና በእናቱ በኤውንቄ እንደነበረ ያነሳለታል። ይህን ያለው ሊነቅፈው አይደለም፣ እያመሰገነው ነው።

ደግሞ ይህ ነገር ባንቺ አልተጀመረም። ጄምስ ፋውለር የተባለ አሜሪካዊ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው ሥራው የሰው እምነት ከዕድሜው ጋር ደረጃ በደረጃ እንደሚለወጥ ጽፏል። ከደረጃዎቹ አንዱ ሰው ከቤተሰቡ የተቀበለውን አንስቶ በራሱ ዓይን የሚያይበት ነው። አንዳንዱ በሃያዎቹ ይገባበታል። አንዳንዱ እንዳንቺ ትዳር ይዞ፣ ልጅ ወልዶ፣ በሠላሳዎቹ ወይም በአርባዎቹ ይገባበታል። ዕድሜ ልኩን የማይገባበትም አለ። ስለዚህ የቀዘቀዝሽ ስለመሰለሽ ብቻ ተበላሽቻለሁ አትበዪ።

አሁን ወደዚያ ፊርማ ልምጣ፤ ደብዳቤሽ ውስጥ በጥቂት መስመር ያለፍሽው እሱ ነውና። እናትሽ አጠገብሽ አልነበረችም። ብትፈርሚ ምናልባት ማንም አያውቅም ነበር። ተሳቀብሽ፣ ግን አልፈረምሽም። እስኪ ረጋ ብለሽ ራስሽን ጠይቂ፦ ያን ቀን እምቢ ያልሽው «እሱ ያየኛል» ብለሽ ፈርተሽ ነው? ወይስ ያልተሠራን ሥራ ተሠራ ማለት ሌላ ሰው ላይ ጉዳት ስለሚያመጣና እንዲያ ዓይነት ሰው መሆን ስላልፈለግሽ ነው? ማንም እንደማያይሽ እርግጠኛ ብትሆኚ ኖሮ ትፈርሚ ነበር?

መልሱን አንቺ ታውቂያለሽ። እኔ ከደብዳቤሽ እንደገመትኩት አትፈርሚም ነበር። እንዲያ ከሆነ ሐቀኝነቱ ያንቺ ሆኗል ማለት ነው። ከእናትሽ ቤት መምጣቱ ምንም አይቀንሰውም። «የእናቴ ነው» ብለሽ የምትመልሽው ነገር አይደለም።

የትኩሳቱ ሌሊት ግን ሌላ ነው። ያን ሌሊት የነዳሽ ፍርሃት ነው። የሚገርመው ሐቀኝነቱም ፍርሃቱም የመጡት ከዚያው ቤት፣ ምናልባትም ከዚያችው ከአንዷ ዓረፍተ ነገር ነው። ለዚህ ነው «የቱን ልያዝ የቱን ልተው» ማለት ያስቸገረሽ። የመጡበት አንድ ስለሆነ አንዱን ስትነቅይ ሌላው አብሮ የሚነቀል ይመስልሻል።

አብሮ አይነቀልም። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 9 ደቀ መዛሙርቱ ዕውር ሆኖ የተወለደውን ሰው አይተው «ማን ኃጢአት ሠርቶ ነው? እሱ ነው ወይስ ወላጆቹ?» ብለው ጠየቁ። ያን ሌሊት አንቺም የጠየቅሽው ይህንኑ ነው። የተሰጣቸው መልስ እሱም ወላጆቹም አይደሉም የሚል ነበር። ስለዚህ «ልጄ የታመመችው እኔ ስለቀረሁ ነው» የሚለውን ሐሳብ ብትተዪው ክርስትናን ተውሽ ማለት አይደለም። ክርስትናው ራሱ ቀድሞ ትቶታል።

ይሄን ስለነገርኩሽ ፍርሃቱ ነገ ብን ብሎ አይጠፋም። በልጅነት የገባ ፍርሃት በማስረጃ አይወጣም። ለዚህም ነው ትኩሳት ከምን እንደሚመጣ ማወቅሽ ያን ሌሊት ያልጠቀመሽ። ግን አንድ ነገር ማድረግ ትችያለሽ። ሲመጣብሽ እወቂው። «አሃ፣ ይቺ የልጅነቴ ፍርሃት ናት» በዪና ለልጅሽ መድኃኒቷን ስጪ። መጸለይ ካማረሽም ጸልዪ። ስለት የሚመስል ቃል ግን በዚያ ሰዓት አትግቢ። «ሁለተኛ አልቀርም» ብለሽ ከሳምንት በኋላ ስትቀሪ የሚቀጥለው ትኩሳት ይብስብሻል። ይህ ፍርሃት እንቅልፍ የሚነሳሽ፣ ልብሽን የሚያስመታ፣ ከቀን ወደ ቀን የሚከብድ ከሆነ ደግሞ የሥነ ልቦና ባለሙያ ጋ ሂጂ። ይሄ እምነት ማነስ አይደለም።

ስለ እናትሽ ዓረፍተ ነገር አንድ ነገር ልጨምር። በዘፍጥረት ምዕራፍ 16 አጋር የምትባል አገልጋይ አለች። ነፍሰ ጡር ሆና ከእመቤቷ ሸሽታ ምድረ በዳ ገባች። ማንም አልፈለጋትም። እዚያ ምንጭ አጠገብ መልአክ አገኛትና አነጋገራት። እሷም እግዚአብሔርን «የሚያየኝ አምላክ» ብላ ጠራችው። አንቺ ልጅ ሆነሽ ስትሰሚው መታየት ማለት መያዝ ነበር፤ የሰረቅሽውን ስኳር እንኳን የሚያውቅብሽ ዓይን። ለአጋር መታየት ማለት አለመረሳት ነው። እናትሽ የነገረችሽ ውሸት አልነበረም፣ ግን ግማሹን ብቻ ነው የነገረችሽ። ምናልባት ለሷም የነገሯት ግማሹን ብቻ ይሆናል። ሌላውን ግማሽ ራስሽ ፈልጊው።

ወደ እሑዱ ስልክ እንሂድ። እዚህ ላይ ትንሽ ጠንከር ልልብሽ ነው፣ እንዳትቀየሚኝ። ከእናትሽ ያራቀሽ ጥርጣሬሽ ሳይሆን ውሸቱ ነው። ጥርጣሬሽን ይዘሽም ከእናትሽ ጋር መቀራረብ ትችያለሽ። በየሳምንቱ እየዋሸሻት ግን አይሆንም። እናቱን ዋሽቶ በመሸሽ ደግሞ አንቺ የመጀመሪያዋ አይደለሽም። አውግስጢኖስ፣ ኋላ ትልቁ የቤተ ክርስቲያን አባት የሆነው፣ እናቱ ሞኒካ ከሱ አልለይም ብትለው ጓደኛዬን ልሸኝ ነው ብሎ ዋሽቷት በሌሊት መርከብ ተሳፍሮ ወደ ሮም ሄዷል። ይህን ራሱ ነው የጻፈው። እሷ ግን አልቀረችም፣ ባሕር ተሻግራ ሚላኖ ድረስ ተከተለችው። እ.ኤ.አ. በ387 ሲጠመቅ ዕድሜው ሠላሳ ሁለት ነበር። ታሪኩን ያነሳሁት መጨረሻሽ እንደሱ ይሆናል ብዬ አይደለም። አንዲት እናት ከምንገምተው በላይ መሸከም እንደምትችል ለማሳየት ነው።

ሁሉንም ካልነገርኳት አትበዪ። የእምነትሽን ሙሉ ሪፖርት የማቅረብ ዕዳ የለብሽም። መንገር ያለብሽ ውሸቱን ነው። በስልክ ሳይሆን በአካል፣ እሑድ ሳይሆን በሌላ ቀን ሂጂ። ልጅቷን አትያዢ። እንዲህ ብትያትስ? «እማ፣ እሑድ እሑድ ሄጃለሁ ስልሽ የነበረው እውነት አልነበረም። ከሄድኩ ቆይቷል። አንቺን ላለማሳዘን ብዬ ነው የዋሸሁሽ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ። እምነቴን ጥዬ አይደለም፣ ግን በልቤ ብዙ ጥያቄ አለ። እሱን የምመልስበት ጊዜ ስጪኝ።» የመጨረሻው እውነት ካልመሰለሽ አውጪው። ሌላ ውሸት ጨምረሽ ከውሸት አትወጪም።

ልታለቅስ ትችላለች። ባልሽ ነው ያስተወሽ ልትል ትችላለች። የሚመክርሽ ሰው ልትልክብሽም ትችላለች። ያኔ አትከራከሪ፣ የተናገርሽውንም አታጥፊ። ስትረጋጋ ግን አንድ ጥያቄ ጠይቂያት፦ «አንቺስ እማ፣ ቀዝቅዞብሽ ያውቃል?» እናቶችን ይህን የሚጠይቃቸው የለም። አባትሽ ሲያርፍ ምን ተሰምቷት እንደነበር፣ ምን ብላ ስትጸልይ እንደነበር አታውቂ ይሆናል። እኔ ብሆን ከሁሉም በላይ ይህን መስማት ነው የምፈልገው።

አሁን ደግሞ አንቺ። ሳልረሳው፣ ለመዋሸት ብለሽ ዓመቱን ሙሉ ስብከት ስትሰሚ መክረምሽ ፈገግ አሰኝቶኛል። እሑድ ሄደው ስብከቱ ላይ ከሚያንቀላፉት ብዙዎቹን ሳትበልጫቸው አትቀሪም። ከሰማሻቸው ውስጥ ለእናትሽ ከነገርሻት በኋላም በሐሳብሽ የቀረ አለ? ካለ ከሱ ጀምሪ። ሰኞ ማታ፣ ማንም ሳይጠይቅሽ፣ ደግመሽ ስሚው።

ከዚያ አንድ ቀን፣ ለእናትሽም ለባልሽም ሪፖርት ሳታደርጊ፣ ብቻሽን ቤተ ክርስቲያን ሂጂና ኋላ ተቀመጪ። ምንም እንዲሰማሽ ራስሽን አታስገድጂ። ጸሎት ከከበደሽ በቃልሽ ያጠናሽውን ሁሉ ትተሽ አንድ ዓረፍተ ነገር በራስሽ አፍ ተናገሪ። ምን ልበል ካልሽ፣ በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 9 አንድ የታመመ ልጅ ይዞ የመጣ አባት አለ። «አምናለሁ፤ አለማመኔን እርዳው» ነው ያለው። እንዳንቺው የልጅ ሕመም ያስጨነቀው ሰው ነው። ግማሽ ልብ ይዘህ መጣህ ተብሎ አልተመለሰም።

የምታወሪው ሰውም ፈልጊ። የንስሐ አባት ሊሆን ይችላል፣ ፓስተር ሊሆን ይችላል፣ ዕድሜ የጠገቡ አማኝ ሴትም ሊሆኑ ይችላሉ። ሰውየውን በአንድ ጥያቄ ፈትኚው። «ሌላ ቤት ብወለድ ሌላ ነገር አምን ነበር፣ ይሄን እንዴት ያዩታል?» በዪው። ከተቆጣ ወይም «ይሄን ማን አስተማረሽ?» ካለሽ አመስግነሽ ውጪ። ቁጭ ብሎ ከሰማሽ ተመለሺበት።

ይህን ሁሉ አድርገሽ አላምንም የሚል መልስ ላይ ብትደርሺስ? ያኔም ቢሆን በፍርሃት ከመያዝሽ ይልቅ እውነቱን አውቀሽ መኖርሽን እመርጣለሁ። ግን ለመወሰን አትቸኩዪ። ደብዳቤሽን ሳነበው የወጣች ሰው አልመሰልሽኝም።

ስለ ልጅሽ ብዙ አልልም፤ አጭርና እውነተኛ መልስ ይበቃታል። «አያትሽ ከእግዚአብሔር ጋር ነው የምታወራው። እኔም ትንሽ ሆኜ አወራው ነበር፣ አሁንም አንዳንዴ አወራዋለሁ። ምን እንደምትለው ራሷን ጠይቂያት» በያት። በዘዳግም ምዕራፍ 6 ልጅህ «ይህ ምንድን ነው?» ብሎ በጠየቀህ ጊዜ እንዲህ በለው ተብሎ ተጽፏል። ልጅ እንደሚጠይቅ ቀድሞ የታወቀ ነው ማለት ነው፤ አንቺም መጠየቅ ነበረብሽ፣ ልጅሽም ትጠይቅ።

እሑድ ከአያቷ ጋር ብትሄድ እኔ በበኩሌ አልቃወምም። ቨርን ቤንግትሰን የተባለ ተመራማሪና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. ከ1970 አካባቢ ጀምረው በደቡብ ካሊፎርኒያ ቤተሰቦችን ለአሥርተ ዓመታት ተከታትለዋል። እምነት ከወላጅ ወደ ልጅ በደንብ የሚያልፈው በወላጅና በልጅ መካከል ሙቀት ባለበት ቤት መሆኑን አይተዋል፤ በተለይ ከአባት ጋር ያለው ቅርበት ትልቅ ቦታ ነበረው። የአያቶችም ድርሻ ቀላል አልነበረም። ስለዚህ አያቷን አትንፈጊያት። ግን መጀመሪያ ላይ አንቺም አብረሽ ሂጂ፤ ምን እንደሚነገራት በጆሮሽ ስሚ። ለእናትሽም «እሱ ያይሻል» እያልሽ አታስፈራሪብኝ፣ «እሱ አይረሳሽም» በያት ብለሽ ለምኚያት። ይህን የምታነሺው ግን ውሸቱን በነገርሻት ቀን አይደለም፣ ለሌላ ጊዜ ይቆይ።

ከዚያ በፊት ደግሞ ባልሽ አለ። «እንደፈለግሽ» የሚለውን እንደ መልስ አትቀበዪው። እሱስ ምን ይዞ አደገ? ከዚያ ውስጥ ለልጁ ምን እንዲደርስ ይፈልጋል፣ ምንስ እንዳይደርስ? ልጅቷ ከተኛች በኋላ ቴሌቪዥኑን አጥፉና ይህን ጠይቂው። የምርመራ እንዳይመስለው መጀመሪያ የትኩሳቱን ሌሊት ንገሪው። እስካሁን የነገርሽው አልመሰለኝም።